መልስ፦ ሲያስመልስና ሲያስቀምጥ አሞክሳሲሊን ልጀምር?

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ከሁለት ቀን ወዲህ ያስመልሰኛል፣ ያስቀምጠኛል፣ ቤት ያለውን አሞክሳሲሊን ልዋጥ ወይ ብለሻል። አትዋጪው። እንዲህ በድንገት የሚጀምር ብዙ ጊዜ ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። እንዲያውም ተቅማጡን ሊያባብሰው ይችላል።

የሚጎዳሽ የፈሳሹ ማለቅ ነው። ከፋርማሲ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ግዢና ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን በጥብጪው። ካጣሽ፣ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ማንኪያ ልሙጥ፣ ያልተቆለለ ይሁን። ጨው አታብዢ። ካስመለሰሽ 10 ደቂቃ ጠብቂና በማንኪያ ቀስ እያልሽ ጀምሪ። እኔ ባለፈው ጠምቶኝ አንድ ብርጭቆ በአንዴ ብገለብጥ ሁሉም ተመልሶ ወጣ።

ሲረጋ ሩዝ፣ ሙዝ፣ ቅቅል ድንች፣ ቀጠን ያለ አጥሚት። ፌጦ በሎሚ የሚሉሽ አይጠፉም፤ ለተቆጣ ሆድ ግን እሳት ነው፣ ይቅርብሽ። ቡናውም ይቆይ።

እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፤ ሳኒታይዘር ለኖሮቫይረስ፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ለሚያስመልስና ለሚያስቀምጥ ቫይረስ፣ ብዙም አይሆንም። ከተሻለሽም በኋላ ሁለት ቀን ለሰው ምግብ አትሥሪ።

ደም ካየሽ፣ ሽንትሽ ከቀረ፣ ስትነሺ ካዞረሽ ወይም ውሃ እንኳ አልረጋ ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ።