የሰርቨር ክፍል ማቀዝቀዣ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሥራዬ የሰርቨር ክፍሎችን መትከልና መጠገን ነው። ስለ ማቀዝቀዣ የገባችሁንም ያልገባችሁንም ጠይቁ ብዬ ነበር። ጥያቄው በዛና የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ኤሲው 16 ላይ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ጃኬት አይገባም። ሰርቨሩ ግን አሁንም ሞቀኝ እያለ ይጮኻል። ሌላ ኤሲ ልጨምር?

ቆይ፣ አትጨምር። ቴርሞሜትር ይዘህ ከራኩ (ሰርቨሮቹ ከተደረደሩበት መደርደሪያ) ፊት ለፊት ቁምና ከታች፣ ከመሃል፣ ከላይ ለካ። ታች 19፣ ላይ 30 ካገኘህ ችግርህ የቅዝቃዜ ማነስ አይደለም። ከኋላ የወጣው ትኩስ አየር፣ ዕቃ ባልገባባቸው የራክ ክፍተቶች ሾልኮ ወደ ፊት እየተመለሰ፣ ሰርቨሩ የራሱን ትንፋሽ መልሶ እየሳበ ነው። ለሙከራ ክፍተቶቹን በካርቶን ሸፍንና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድጋሚ ለካ። የላይኛው ቁጥር ከወረደ ካርቶኑን ለአለቃህ አሳይተህ መድፈኛ ፓኔል አስገዛ። ካርቶኑን ግን እዚያው አትተወው፣ እሳት ይይዛል።

ራኮቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ ፊትና ፊታቸውን፣ ጀርባና ጀርባቸውን አገናኝ። የአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው ፊት ከዞረ ሁለተኛው ሙቀት ነው የሚበላው። ኤሲው ደግሞ ከራኩ አናት ላይ ተሰቅሎ ከሆነ አሁኑኑ አስነሣው፤ የፍሳሽ ቱቦው የተደፈነ ቀን ውሃው የሚወርደው ሰርቨሩ ላይ ነው።

ታዲያ ስንት ዲግሪ ይሁን?

አሽሬ የሚባለው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር የሚመክረው ከ18 እስከ 27 ነው። የሚለካው ግን አየሩ ወደ ሰርቨሩ በሚገባበት በኩል እንጂ ግድግዳው ላይ አይደለም። እኔ 24 ላይ አደርገዋለሁ። 16 ላይ መቆለፍ ቆጣሪውን ከማስሮጥ በቀር ጥቅሙ አልታየኝም።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ፋኑ በሲሶ የሚበልጥ አየር መግፋት አለበት። አሽሬም ለተለመዱት ሰርቨሮች የፈቀደውን የ35 ዲግሪ ጣሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ለእኛ ጣሪያው 30 ሆነ ማለት ነው። የአምራቹን ወረቀት አንብቦ «35 ይችላል» የሚላችሁ ሰው ከፍታችሁን አልቆጠረም።

ስንት ቢቲዩ ልግዛ?

ቢቲዩ የሙቀት መለኪያ ነው። የዩፒኤሱን (መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን በባትሪ የሚያቆየውን ዕቃ) ማሳያ እይ። ማሽኖቹ የሚበሉት ዋት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ አንድ ዋት በሰዓት 3.41 ቢቲዩ ነው። 5 ኪሎዋት ካለህ 17,000 ቢቲዩ መጣ። ለቤት ተብሎ የተሠራ ስፕሊት (ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ የሚተከል ኤሲ) ግን ከአቅሙ የተወሰነውን እርጥበት በማውጣት ያባክነዋል፣ ከፍታውም ይቀንስበታል። ስለዚህ ለዚህ ክፍል 24,000 እገዛለሁ። ብቻውን ደግሞ አልተወውም፤ እኩያውን እጨምርና በሰዓት ቆጣሪ እያፈራረቅሁ አሠራቸዋለሁ። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ክፍሉን ይይዛል።

መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ይነሣል፣ ሰርቨሮቹም አይጠፉም። ግን ሁልጊዜ ጠዋት ስንገባ ክፍሉ እሳት ነው።

ዩፒኤሱ ሰርቨሩን ያቆያል፣ ኤሲውን ግን አያቆይም። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ደግሞ አንዳንዱ ስፕሊት ሪሞት ተይዞ እስኪበራ ድረስ ዝም ብሎ ተሰቅሎ ያድራል። ስትገዙ «መብራት ሲመለስ በራሱ ይነሣል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በሻጩ ቃል ብቻም አትመኑ፣ ብሬከሩን ጥላችሁ መልሳችሁ ሞክሩት። ኮምፕረሰሩ (የኤሲው ዋና ሞተር) እስኪነሣ ጥቂት ደቂቃ ቢቆይ አትደንግጡ፣ ራሱን እየጠበቀ ነው።

ፍጥነቱን ለመገመት ያህል፦ 40 ሜትር ኩብ ክፍል ውስጥ 5 ኪሎዋት ሙቀት ቢለቀቅ አየሩ ብቻውን በደቂቃ 8 ዲግሪ ይጨምር ነበር። ግድግዳውና ብረታ ብረቱ ስለሚመጡት ያን ያህል አይፈጥንም፤ ቢሆንም የምታወሩት ስለ ደቂቃዎች ነው።

የአዲስ አበባ ሌሊት ብርድ ነው። ለምን የውጭውን አየር አናስገባም?

ይቻላል፤ እንዲያውም ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ስዊድን ሉሌዮ ውስጥ ያለውን ማዕከሉን በውጭ አየር ያቀዘቅዛል። እኛ ጋ የምትፈሩት የክረምቱን እርጥበት ነው፣ እሱ ግን ያን ያህል አያሰጋም። ውጭ 14 ዲግሪና 90 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ክፍሉ ውስጥ 24 ሲደርስ እርጥበቱ ወደ 50 በመቶ ይወርዳል። የሚያስፈራው የበጋው አቧራና የጄኔሬተሩ ጭስ ነው። አየር መሳቢያውን ከጭስ ማውጫው አርቁ፣ ፊልተር አድርጉበት፤ ፊልተሩን ማን እንደሚያጥበው ዛሬውኑ በስም ወስኑ። ባለቤት የሌለው ፊልተር በጥር ውስጥ እንደ ግድግዳ ይደፈናል።

ይህ ሁሉ ከበዛባችሁ ቢያንስ ኤሲው ሲቆም በራሱ የሚነሣ አየር ማስወጫ ፋን ከዩፒኤሱ ጋር አገናኙ፤ በር ሥር ደግሞ ፊልተር ያለው ማስገቢያ ይኑር።

እኔ ዱባይ ነው የምሠራው። ለእኛስ?

ወንድሜ፣ የውጭውን አየር እርሳው፤ በበጋችሁ ሙቀቱም እርጥበቱም ጠላት ነው። ቀዳዳ ሁሉ ድፈን። ዋናው ሥራህ ጣሪያ ላይ ያለው ኮንደንሰር (ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚጥለው የኤሲው ክፍል) ነው። አሸዋውን አጥበው፤ የአንዱ ትኩስ አየር ወደ ሌላው እንዳይነፋም እይ። ለንደን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ የጉግልና የኦራክል ማዕከሎች ማቀዝቀዣቸው እምቢ ብሏቸው አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። ማቀዝቀዣውን ለአማካዩ ቀን ሳይሆን ለክፉው ቀን ለካው።

በውሃ ማቀዝቀዝስ?

አንዱ ቺፕ ብቻውን 700 ዋትና ከዚያ በላይ የሚበላባቸው የኤአይ ማሽኖች ለታጨቁበት ራክ ግድ ነው፤ ዛሬ አንድ ራክ 120 ኪሎዋት ይደርሳል፣ ያንን አየር አይችለውም። ሁለት ራክ ላለው መሥሪያ ቤት ግን ወጪና የፍሳሽ ስጋት ብቻ ነው።

የጥበቃው ጋሼ ማታ ማታ ኤሲውን ያጠፉታል። ምን ላድርግ?

አይፈረድባቸውም፣ እህቴ፤ ሕንጻው ሁሉ «ስትወጡ ኤሲ አጥፉ» ተብሎ ተለጥፎበታል። የውስጡን ሙቀት ከበሩ ውጭ የሚያሳይ ቴርሞሜትር ስቀይ፤ ከሥሩም በትልቁ «ይህ አይጠፋም። 30 ካለፈ ደውሉ» ብለሽ ስልክሽን ጻፊ። ከዚያ ጋሼን ይዘሽ ግቢና የሰርቨሩ ጀርባ ላይ እጃቸውን ያሳርፉ። ስልክሽን ግን ማታ አታጥፊ።