የመርከቡ ጎን ለምን ጎረበጠ? ለአዳማው አንባቢ

ከአዳማ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ከደብዳቤህ ጋር የላክሃቸውን ፎቶዎች እዚህ ሐዋሳ፣ ሥራ ቤቴ መስኮት ሥር ብርሃን ላይ ይዤ ደጋግሜ አየኋቸው። ተቆርጦ የተዘጋጀ ዕቃ ሳትገዛ፣ ከንድፍና ከባዶ እንጨት ተነስተህ የባለ 74 መድፍ የጦር መርከብ ሞዴል እዚህ ማድረስህ ቀላል ነገር አይደለም። የጎድኖችህ፣ ማለትም የመርከቡን ቅርጽ በወርዱ የሚይዙት እንጨቶች፣ አቆራረጥ ንጹሕ ነው፤ እጅህ ሥራ ያውቃል።

ለሌሎች አንባቢዎች ጥያቄህን ባጭሩ ላስቀምጠው። የምትሠራው ቤሎና የተባለችውን የእንግሊዝ መርከብ ነው፤ ቶማስ ስሌድ የነደፋት፣ እ.ኤ.አ. በ1760 ውሃ የገባች። ንድፉን ከኢንተርኔት አውርደህ በ1/96 ስኬል ማተሚያ ቤት አሳተምከው። ከ4 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ 13 ጎድን ቆርጠህ አከርካሪው፣ ማለትም ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቀው የመሃል እንጨት ላይ ሰካህ። ቀኝ ጎኑን ስድስት መስመር የዋንዛ ልባጥ፣ ማለትም ጎድኖቹን የሚሸፍን ስስ ጣውላ፣ ካለበስክ በኋላ ወደ ግራው ዞርክ። አሁን አፍንጫው ጋ ልባጡ ይነሳል፣ ጠርዝ በጠርዝ ላይ ይወጣል። በግራ በኩል ሦስተኛውና አራተኛው ጎድን መሃል ጎድጉዷል። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። «ጋሼ፣ በስቱኮ ሞልቼ ልለፈው ወይስ ላፍርሰው?» ነው ጥያቄህ።

ስቱኮውን እርሳው። ስቱኮ ጉድጓድ ይሸፍናል እንጂ ተጨንቆ የታጠፈ እንጨት አይዝም። እንጨቱ በበጋ ሲደርቅ፣ በክረምት ሲያብጥ የተሞላው ስቱኮ ይሰነጠቃል፤ ያኔ ደግሞ ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው የምታየው። ለማፍረስም አትቸኩል። በእኔ እምነት ጥፋቱ ልባጡ ላይ አይደለም፤ ልባጡ ሐቁን ነው የነገረህ። ጥፋቱ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው።

እንዴት አወቅህ ትለኝ ይሆናል። ከፎቶዎችህ አንዱ ላይ ሰፊውን የመሃል ጎድን ማስመሪያ አጠገብ አስቀምጠኸዋል። ስፋቱ 144 ሚሊሜትር ነው። በእንግሊዝ ጫማ አንዱ ጫማ 304.8 ሚሊሜትር ነው፤ ለ96 ሲካፈል 3.175 ይሆናል። ቤሎና በታችኛው የመድፍ ወለል ርዝመቷ 168 ጫማ ስለሆነ ያንተዋ 533 ሚሊሜትር መሆን አለባት፤ አከርካሪህም በትክክል ያንን ያህል ነው። ስፋቷ ግን ወደ 47 ጫማ ይጠጋል፤ ይህ ደግሞ 149 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ርዝመቱ ልክ ሆኖ ስፋቱ አምስት ሚሊሜትር ጎደለ። እውነተኛው መርከብ ላይ ብታሰላው 48 ሴንቲሜትር ነው፤ የአንድ በር ወርድ ግማሽ ይበልጣል።

የሆነው እንዲህ ይመስለኛል። ከጎን የታየው ንድፍ በአንድ ወረቀት፣ የጎድኖቹ ቅርጽ ያለበት ደግሞ በሌላ ወረቀት ታተመ። ማተሚያው ላይ ደግሞ ሥዕሉን ከወረቀቱ ጋር የሚያስማማ ምርጫ አለ፤ እሱ ካልተነሳ ወረቀቱን ሞልቶ የሚያልፈውን ሥዕል ትንሽ አሳንሶ ያትመዋል። ሦስት ተኩል በመቶ ቢያሳንሰው ዓይን አይለየውም። ስለዚህ ጎድኖችህ በወርድም በቁመትም አነሱ፣ አከርካሪው ግን አላነሰም። አንተም በደብዳቤህ «አንዳንዶቹ አልገጥም ስላሉ ከፍ ዝቅ አድርጌ አስገባኋቸው» ብለሃል። ጉድጓዱና ጉብታው የተወለዱት እዚያ ላይ ነው፤ አንዱን ከወለሉ ጋር፣ ሌላውን ከሥሩ ጋር ስታመሳስል መስመሩ ሞገድ ሠራ።

ይህ በእኔም ደርሷል። የመጀመሪያዬን መርከብ ንድፍ እዚሁ ከተማ አንድ ማተሚያ ቤት አሳትሜ፣ አንዴም ሳልለካ ስምንት ወር ሠራሁበት። ኋላውን ልዘጋ ስል ነው ከላይ የታየውና ከፊት የታየው እንደማይገናኙ የገባኝ። ያኔ አነደድኩት። ዛሬ ቢሆን አላነደውም፤ ምን ማድረግ እንደሚቻል ወደ ታች እነግርሃለሁ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ወረቀት ከማተሚያ ቤት ስትቀበል፣ ከባንኮኒው ሳትርቅ፣ ንድፉ ላይ ያለውን የጫማ መለኪያ ለካ። በ1/96 መቶ ጫማ 317.5 ሚሊሜትር መምጣት አለበት። በአግድም ብቻ አትመን፤ የሚታወቅ ቁመት ፈልገህ በቁምም ለካ። ከድሮ ወረቀት የተነሳ ንድፍ ራሱ በእርጥበትና በዕድሜ ተሸብሽቦ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀት ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል አይሸበሸብም። በስልክ ከተነሳ ፎቶ የተወሰደ ከሆነ የባሰ ነው፤ ካሜራው ትንሽ ካዘነበለ አንዱ ዳር ይጠባል።

ጫማውም የማን ጫማ እንደሆነ እወቅ። የድሮው የፈረንሳይ ጫማ 324.8 ሚሊሜትር ነው። መቶ የፈረንሳይ ጫማ በእንግሊዝ ጫማ የለካ ሰው መርከቡን በሁለት ሜትር ያሳጥረዋል፤ በ1/96 ሁለት ሴንቲሜትር ማለት ነው። ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስልህ። ቫሳ የተባለችው የስዊድን የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1628 በመጀመሪያ ጉዞዋ ስቶክሆልም ወደብ ውስጥ ሰጠመች፤ በ1961 ወጥታ ስትመረመር የሠራተኞቹ ማስመሪያዎች ተገኙ። ገሚሶቹ 12 ኢንች ባለው የስዊድን ጫማ፣ ገሚሶቹ 11 ኢንች ባለው የአምስተርዳም ጫማ የተሰመሩ ነበሩ። ያሰጠማት ላይዋ መክበዱ ነው እንጂ ማስመሪያው አይደለም፤ ግን አንድ መርከብ ላይ የሠሩ አናጢዎች በሁለት ጫማ ሲለኩ አስበው።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። የመርከብ ንድፍ ሦስት ገጽታ አለው፦ ከጎን፣ ከላይ፣ ከፊትና ከኋላ። የመጨረሻው ላይ የቀኙ ግማሽ የፊት ጎድኖች፣ የግራው ግማሽ የኋላ ጎድኖች ናቸው። ማንኛዋም ነጥብ በሁለት ገጽታ ላይ አንድ ዓይነት ርቀት ማሳየት አለባት። ይህን ለመፈተን ካልኩሌተር አያስፈልግህም። ከደብተር ወረቀት ጣት የሚያህል ወርድ ያለው ቁራጭ ቅደድ፤ ጠርዙ ቀጥ ይበል። ጫፉን ከላይ በታየው ንድፍ መሃል መስመር ላይ አሳርፍና በሦስተኛው ጎድን መስመር ላይ ዘርጋው። እያንዳንዱ የውሃ መስመር፣ ማለትም መርከቡ በየከፍታው በአግድም ቢቆረጥ የሚታየው የጎኑ መስመር፣ የሚያቋርጥበትን ቦታ በሹል እርሳስ ጠርዙ ላይ ጭረት አድርግ፣ ቁጥሩንም ጻፍ። ከዚያ ያንኑ ቁራጭ ወስደህ ከፊት በታየው ንድፍ ላይ ጫፉን መሃል መስመር አስይዝና፣ የሦስተኛው ጎድን ቅርጽ በየውሃ መስመሩ ጭረቶችህ ላይ ይወድቅ እንደሆነ እይ። ግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት የእርሳስ ነው፤ እለፈው። ከዚያ በላይ ከሆነ መጋዝ አታንሳ። ለ13ቱም ጎድን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃሃል።

የልባጡን ውፍረት ከጎድኑ ላይ ልቀንስ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ንድፎች መስመሩ የተሰመረው በጎድኑ የውጭ ገጽ ላይ ነው፤ ልባጡ አልተጨመረበትም። ስለዚህ አትቀንስ። ልባጥህን ግን ከ1.5 ወደ አንድ ሚሊሜትር አሳሳው፤ አራት ኢንች የሚወፍር ጣውላ በዚህ ስኬል አንድ ሚሊሜትር ነው።

ሌላው ማንም የማይነግርህ ነገር የጎድኑ ውፍረት ነው። የንድፉ መስመር ውፍረት የለውም፣ ኮምፔንሳቶህ ግን አራት ሚሊሜትር ነው። ታዲያ የትኛው ፊቱ ነው መስመሩ ላይ የሚያርፈው? ወደ መርከቡ መሃል የሚያየው ፊት ነው። ይህ ከመሃል ወደ አፍንጫም፣ ከመሃል ወደ ኋላም ይሠራል። እንዲህ ከሆነ በሌላው ፊት በኩል ትርፍ እንጨት ይኖርሃል፤ እሱን አስልተህ ትሞርደዋለህ። በተቃራኒው ካስቀመጥከው ልባጡ የሚይዘው ስለት የሚያህል ጠርዝ ብቻ ነው፤ ኮላውም የሚጣበቅበት ቦታ አያገኝም። አንተ መሃል ለመሃል አድርገኸዋል። መርከቡ መሃል አካባቢ ይህ ምንም አይደለም፤ አፍንጫው ጋ ግን ቅርጹ በፍጥነት ስለሚጠብ ሁለት ሚሊሜትር መንሸራተት ወደ ሁለት ሚሊሜትር ስፋት ይቀየራል።

የያዝከውን ለማዳን እንዲህ አድርግ። ርዝመቱ ከመርከቡ የሚበልጥ፣ አንጓ የሌለው፣ ሦስት በሦስት ሚሊሜትር የሆነ ዘንግ አዘጋጅ። እዚህ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ጀልባ የሚጠግኑትን ሰዎች ሳያቸው ጎን ሲያስተካክሉ ሜትር አይዙም፤ ረጅም ቀጭን እንጨት ያስደግፉና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በቁመቱ ያያሉ። አንተም ዘንጉን ከአፍንጫ እስከ ኋላ በጎድኖቹ ላይ አስተኛው፤ ሳትጫነው፣ በራሱ ይታጠፍ። የማይነካው ጎድን ላይ ቀጭን የእንጨት ስንጥር በኮላ ለጥፍ። ዘንጉን የሚገፋውን ደግሞ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት ሙረደው፤ በጣትህ ይዘህ ብቻ እንዳትሞርድ፣ ጣት ጉድጓዱን ተከትሎ ይወርዳል። በሦስት ወይም አራት ከፍታ ድገመው። ሞዴልህ በስፋት በመጠኑ የቀጠነች ትሆናለች፣ መስመሯ ግን ይስተካከላል። ስፋቱንም እመልሳለሁ ካልክ በ13ቱም ጎድን ግራና ቀኝ ስንጥር መለጠፍ ይኖርብሃል፤ እኔ በአንተ ቦታ ብሆን እሱን አደርግ ነበር፣ ሦስት ቀን አይፈጅም።

ለዚህ ግን የለበሰው ልባጥ መነሳት አለበት። ነጭ ኮላ ስለተጠቀምክ ዕድለኛ ነህ። በፈላ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ሃያ ደቂቃ አስተኛበት፤ ሲለሰልስ በስስ ቢላ ይነሳል። ከተነሳ በኋላ ለሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ ፀሐይና የአዳማ ንፋስ ላይ እንዳታወጣው። ከዚያ አከርካሪውን በቁመቱ እይ። መጣመሙ ከአንድ ሚሊሜትር ካለፈ እውነቱን ልንገርህ፣ አከርካሪውን እንደ አዲስ ቁረጥ፤ እሱ በስንጥር አይድንም። ካላለፈ መርከቡን ገልብጠህ ወፍራም ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ ሰካው፣ በየሁለት ጎድኑም ማዕዘኑን የጠበቀ ደጋፊ አድርግለት።

ያዘነበለው አንድ ጎን ብቻ ስላለበስክ ነው። እርጥብ ልባጥ ሲደርቅ ይሳባል፤ ስድስት ልባጥ በአንድ ወገን ሲሳቡ አከርካሪው ይጎብጣል። አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ፣ ሁልጊዜ።

አፍንጫው ጋ የሚደራረብበትን ምክንያት በገዛ እጅህ ታገኘዋለህ። የወረቀት ቁራጭህን ከመቀነቱ፣ ማለትም ከወፍራሙ የጎን ጣውላ ጀምረህ እስከ አከርካሪው በመሃለኛው ጎድን ላይ አጥፈህ ለካ። 112 ሚሊሜትር ቢመጣ፣ ባለ 4 ሚሊሜትር ልባጥ 28 መስመር ይፈልጋል። የመጀመሪያው ጎድን ላይ ስትለካ ግን 70 ብቻ ልታገኝ ትችላለህ። እነዚያው 28 ልባጦች እዚያ መግባት ያለባቸው በ2.5 ሚሊሜትር ነው። አንተ ሙሉ ወርዳቸውን ይዘው እንዲገቡ ጠበቅህ፤ ቦታ ሲያጡ ተነሱ። ስለዚህ እያንዳንዱን ከማልበስህ በፊት ወደ አፍንጫው እየጠበበ እንዲሄድ ላገው። ከግማሽ ወርዱ በታች ግን አታውርደው፤ እዚያ ከደረሰ ሁለቱን ልባጥ ወደ አንድ ሰፊ ጫፍ አስገባቸው። ኋላው ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ክፍተት ይቀርሃል፣ በሾጣጣ ቁራጭ ትሞላዋለህ። ልባጥ በጠፍጣፋው ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛልም፤ በጠርዙ በኩል ግን አይታጠፍም። በኃይል ካስገደድከው ሌሊት ኮላውን ገንጥሎ ይነሳል።

ስለ እንጨቱም አንድ ቃል። ዋንዛ እወደዋለሁ፣ ግማሽ ዕድሜዬን ቁም ሣጥን የሠራሁበት ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ቀዳዳዎቹ ሰፊ ናቸው፤ በ1/96 ላይ እያንዳንዱ የመድፍ መስኮት የሚያህል ይመስላል። ለውጩ ልባጥ ዝግባ ፈልግ፤ ደቃቅና ወጥ ነው፣ ሲታጠፍም አያስቸግርም። አዲስ ግንድ አታስቆርጥ፤ የፈረሰ አሮጌ በር ወይም አልጋ ዘንድ ታገኛለህ፣ እሱ እንዲያውም ለዓመታት ደርቆ ያረፈ ነው። ግማሽ ሰዓት ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆየውና የከሰል ካውያ ጎን ላይ ቀስ እያልክ አጥፈው። ሲታጠፍ ድምፅ ካሰማ አቁም፣ እንደገና ንከረው። ለገመድ ማጥበቂያ ክብ ቁራጮችና ለአከርካሪው የውጭ ክፍል ወይራ የሚተካ የለም።

የመድፍ መስኮቶቹን አሁን ምልክት ልታደርግባቸው እንደሆነ ጽፈሃል። ቆይ። በታችኛው ወለል በእያንዳንዱ ጎን 14 መስኮት አለ፤ የሚከተሉት የወለሉን ጉብጠት ነው፣ የመቀነቱን መስመር አይደለም። ወለሉ ካልተቀመጠ ቁመታቸው አይታወቅም። ጎድኖቹን አስተካክለህ ዘንጉን ስታስተኛ ፎቶ አንሳና ላክልኝ፤ የወረቀት ቁራጮቹንም ጭረታቸው እንደሚታይ አድርገህ ጨምርበት።