«እግዚአብሔር የለም ስላለ ከውርሴ ነቅዬዋለሁ»

ጥያቄ፦ አባቴ በቅርቡ አረፉ። ባለፈው እሑድ ኑዛዜያቸው ሲነበብ «ልጄ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቶ እግዚአብሔር የለም ስለሚል ከውርሴ ነቅዬዋለሁ» ይላል። ቤቱን በሙሉ ለእህቴ ሰጥተዋል። ዘመዶቼም «ለከሃዲ ምን ውርስ አለው?» እያሉኝ ነው። እናቴ ያረፈችው አምና ነው፤ ኑዛዜ አልተወችም። መብት አለኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአባትህን ነፍስ ይማር። ይህን በማለቴ ቅር እንደማትሰኝ ተስፋ አለኝ፤ እኛ አገር ሌላ የማጽናኛ ቃል ብዙም የለንም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አባት ልጁን ከውርስ እንዲነቅል ይፈቅዳል። ግን ዝም ብሎ አይደለም። በቁጥር 938 መሠረት ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት። ዳኛው ደግሞ የተጻፈው ምክንያት ልጅን ለመንቀል ይበቃል ወይ የሚለውን ያያል። እውነት ነው ወይ ብሎ ግን አይመረምርም፤ የሟች ቃል እውነት ነው ተብሎ ይወሰዳል።

እዚህ ላይ ቆም በል። ኑዛዜው «ሰድቦኛል፣ ስታመም ጥሎኝ ሄዷል» ቢል ኖሮ አሥር ምስክር ብትደረድርም አይጠቅምህም ነበር። የነገርከኝ ግን ስለ እምነትህ ብቻ ነው የሚያወራው። ስለዚህ ዛሬውኑ ግልባጩን አግኝና ቃል በቃል አንብበው። በለቅሶ ቤት የተሰማና በወረቀት የሰፈረ ሲለያይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ምክንያቱ እምነትህ ብቻ ከሆነ መከራከሪያህ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 27 ስለ ሃይማኖት ብቻ አይደለም የሚያወራው፤ ስለ እምነትና ስለ አመለካከት ነፃነትም ነው። በእኔ እምነት ይህ የማያምነውንም ይጨምራል። ሰው የመረጠውን እምነት እንዳይዝ በኃይልም ሆነ በሌላ መንገድ ማስገደድንም ይከለክላል። «ካላመንክ አትወርስም» ማለት ማስገደድ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የእህትህ ጠበቃ ደግሞ «ንብረቱ የሟች ነው፣ ለፈለጉት ይሰጣሉ» ማለቱ አይቀርም። ቀላል ክርክር አይደለም፤ ታሸንፋለህ ብዬ አልምልልህም። ነቀላው ቢሻር እንኳ ቤቱ ወዲያው እኩል ይካፈላል ማለት አይደለም። ለእህትህ የተሰጠው ራሱን የቻለ ስሌት አለው።

አንተ ያልጠየቅከኝ ነገር ግን ከሁሉም ይበልጣል፦ የእናትህ ድርሻ። ቤቱ በጋብቻ የተፈራ የጋራ ሀብት ከሆነ ግማሹ የእናትህ ነበር። አባትህ በሰው ድርሻ ላይ መናዘዝ አይችሉም። የእናትህ ልጆች ሁለታችሁ ብቻ ከሆናችሁ የቤቱ ሩብ ያንተ ነው። ጾምክ አልጾምክ፣ ያ ድርሻ በአባትህ ኑዛዜ አይነካም። በእናትህ በኩል የወራሽነት ማረጋገጫ ካላወጣህ ፍርድ ቤት አመልክት።

ዘመዶችህን ተዋቸው። እህትህን ግን ራሷን አነጋግራት፤ «ከሃዲ» ያለችህ እሷ አይደለችም። ሽማግሌ ብትልክም ክፋት የለውም። አንተም በሑዳዴ ምሳ ላይ በአባትህ ጾም ቀልደህ ከነበረ፣ እሷ እሱን አትረሳም፤ ቀድመህ ይቅርታ ብትላት ንግግሩ ይቀላል።

ሽምግልናው ግን ቀን አይበላብህ። ኑዛዜውን እንደምትቃወም ማስታወቅ ያለብህ ከተነበበ በ15 ቀን ውስጥ ነው። ከእሑድ ጀምረህ ቁጠር።