ቲለሯ ሰርዶውን አበዛችብኝ

ጥያቄ፦ ቢሾፍቱ ነው የምኖረው። ጓሮዬ 60 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል፤ አፈሩ ዋልካ ነው። ወንድሜ ከአሜሪካ 10 ኪሎ የምትመዝን የቤንዚን ቲለር (በእጅ የምትያዝ የማረሻ ማሽን) ላከልኝ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል አረስኩባት። እየዘለለች አስቸገረችኝ። የገባችበትም ቦታ አፈሩ ጓል ሆኖ ቀረ። አሁን ደግሞ ሰርዶው ከበፊቱ ብሷል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ቲለሯን ጨርሶ ላልተነካ መሬት ተጠቅመውባታል፤ ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው። 10 ኪሎ ማሽን ክብደት የላትም። ጥርሶቿ ጠንከር ያለ መሬት ሲያጋጥማቸው መሬቱን ከመቆፈር ይልቅ እሷኑ ወደ ላይ ይገፏታል። የመጀመሪያው ግልበጣ የዶማ ሥራ ነው። የእሷ ሥራ የተገለበጠውን ማለስለስ፣ ፍግ ከአፈር ማደባለቅና በመስመር መሀል መኮትኮት ነው። በዚህ ሥራ ደግሞ እሷን የሚያህል የለም።

ወደ ሰርዶው ልምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። አንዱን ነቅለው ይዩት። ከአፈር በታች የሚሄደው ነጭ ገመድ በየጥቂት ሳንቲሜትሩ አንጓ አለው። ከእያንዳንዱ አንጓ አዲስ ሰርዶ ይወጣል። ቲለሯ ያንን ገመድ ቆራርጣ በጓሮው ሁሉ በተነችው፤ ያውም በሐምሌ፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ። ችግኝ ተከሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ሰርዶው እስኪያልቅ ማሽኗ ትረፍ። ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ዋልካው ሳይሰነጣጠቅ፣ በሹካ መቆፈሪያ ይገልብጡት። ስለታም አካፋ ያው ቲለር ነው፣ ይቆርጠዋል። በሹካ ግን ገመዱ እንደረዘመ ይወጣል። ለቅመው በፀሐይ ያድርቁት። እርጥቡን ኮምፖስት ውስጥ እንዳይጨምሩ፤ እዚያ ይበቅላል። ያመለጠው ሲያቆጠቁጥ ደግሞ ይመለሱበት። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽዎትም።

ጓሉ ደግሞ እርጥቡን ዋልካ በማረስዎ የመጣ ነው። ሌላ ጊዜ ከመጀመርዎ በፊት ከ10 ሳንቲሜትር ጥልቀት አንድ ጭብጥ አፈር ያውጡ። ጨብጠው በአውራ ጣትዎ ይጫኑት። ከፈረሰ ይግቡ። እንደ ሊጥ ከተለጠጠና ካብለጨለጨ ግን ይቆዩ። ዋልካ የሚመቸው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ሲረጥብ ማጣበቂያ፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው።

የሚታረስበት ቀን ሲደርስ የበሰበሰ ፍግ አራት ጣት ያህል ያልብሱት። መጀመሪያ ላይ ላዩን፣ ቀጥሎ ጠለቅ አድርገው ይሂዱበት። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ማሽኖች ወደ ፊት ሲገፏቸው ይሮጣሉ፤ ቀስ ብለው ወደ ራስዎ ሲጎትቷቸው ነው የሚቆፍሩት። ሁለት ዙር ይበቃል። ዱቄት እስኪመስል ከፈጩት የመጀመሪያው ዝናብ ፊቱን እንደ ቅርፊት ያደርቀዋል፣ ካሮት አይወጣበትም። ከዚያ መደቡን 20 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርገው በመሀሉ ቦይ ያውጡ። ያለዚያ ክረምት ሲመጣ የቲማቲሙ ሥር ውሃ ውስጥ ይዋኛል።

ስለ ሞተሩ አንድ ነገር ልጨምር። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ደከመች ብለው እንዳይደነግጡ። ቱ-ስትሮክ ከሆነች ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ይደባለቃል። ብዙዎቹ 50 ለ 1 ናቸው፣ ማለትም ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የቱ-ስትሮክ ዘይት። መጠኑን ግን ከመመሪያዋ ላይ ያረጋግጡ። ያለ ዘይት ከነዷት ሞተሩ ይነክሳል፤ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል።

የከተማ ጓሮ ደግሞ ጉድ አያጣም። እኔ አንዴ የተቀበረ ሽቦ ጥርሶቹ ላይ ተጠምጥሞብኝ ግማሽ ቀን ሄዷል። ፌስታሉም፣ ሰርዶውም እንዲሁ ይጠመጠማል። ለማውጣት እጅዎን ከመስደድዎ በፊት ሞተሩን ያጥፉ፣ የካንዴላውን ገመድ ይንቀሉ። በነጠላ ጫማ ደግሞ በፍጹም አይነዷት።