ማይጨው ዘምቶ በደህና የገባ ሰው «ሰማዕት» ይባላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ለሚያዝያ 27 የአያታችንን ፎቶ ያለበት ባነር ልናሠራ ነው። አያታችን ማይጨው ዘምተው በደህና ተመልሰዋል። ታናሽ ወንድሜ «ሰማዕቱ አያታችን» ብሎ ጻፈና አክስታችን ሲያዩት «አባባ በእርጅና በአልጋቸው ላይ ነው ያረፉት፤ ምነው ጦር ሜዳ ገደላችኋቸው?» ብለው ተቆጡ። ማን ልክ ነው? «አርበኛ» ብንልስ?

መልስ፦ አክስትህ ልክ ናቸው። ባነሩ ካልታተመ ቶሎ አስተካክሉት።

«ሰማዕት» ሥሩ የግዕዙ «ሰምዐ» ነው፤ ሰማ ማለት ነው፣ መሰከረም ማለት ነው። ሰማዕት እንግዲህ ምስክር ነው፣ ያውም በሕይወቱ የመሰከረ። ወሎ ላይ ነገሩ ይበልጥ ያምራል፤ ሙስሊሙ ጎረቤትህ «ሸሂድ» ሲል ከዐረብኛ የመጣው ያ ቃል ራሱ ምስክር ማለት ነው። አንድ ሰፈር ውስጥ፣ አንዳንዴም አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ይሰማሉ፣ ግን ሁለቱም ዘምቶ ቤቱ ለገባ ሰው አይሆኑም።

ደግሞ ሰማዕት ለመባል ወታደር መሆን አያስፈልግም። የካቲት 12 የሰማዕታት ቀን የሆነው ለዚህ ነው። በ1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ፋሺስቶቹ አዲስ አበባ ላይ የጨፈጨፉት አብዛኛው ሰው መሣሪያ እንኳ ያልያዘ ነዋሪ ነበር። ሚያዝያ 27 ግን የአርበኞች የድል ቀን ነው፤ በሕይወት የተረፈውም ይከበርበታል።

«አርበኛ»ስ? እዚህ ላይ አንድ ነገር አጣሩ። ቃሉ ድሮ ለማንኛውም ጀግና ተዋጊ ይሠራ ነበር። ከጣልያን ወረራ ወዲህ ግን ሰው አርበኛ ሲል በአምስቱ ዓመት ዱር ቤቴ ብሎ ጠላትን የተዋጋውን ነው የሚያስበው። አያታችሁ መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ከተዋጉ በኋላ እስከ 1933 ጫካ ከቆዩ አርበኛ በሏቸው፣ ማንም አይከራከራችሁም። ከማይጨው ተመልሰው እርሻቸው ላይ ከሆነ የዋሉት ግን ትክክለኛው ቃል «ዘማች» ነው።

ዘማችን አታሳንሱት! ወሎ የዘመቻ አገር ነው፤ ለዓድዋ የምኒልክ ጦር የከተተው ወረኢሉ ላይ ነው፣ የወሎን ፈረሰኛ ይዘው የወረዱትም ራስ ሚካኤል ናቸው። ቃሉ መሄድን እንጂ ሞትን አይናገርም። እንዲያውም በ1967 ለእድገት በኅብረት ወደ ገጠር የወጡት ተማሪዎች ሳይቀሩ ዘማች ተብለዋል። ስለዚህ «ዘማች» ብቻ ብሎ መተው አይበቃም፣ የት እንደዘመቱ ጨምሩ፤ «የማይጨው ዘማች» ካላችሁ ተማሪ ነበሩ እንዴ የሚል አይኖርም።

ሌላው፣ «ሰማዕታቶች» የሚል ባነር በየዓመቱ አያለሁ። «ሰማዕታት» ራሱ ብዙ ነው፣ ሁለቴ አይበዛም። «በማይጨው የተሰዉ አያታችን»ም እንዳይመጣ፤ መሰዋትም ለሞተ ነውና አክስትህ እንደገና ይቆጣሉ። ከስማቸው ሥር «የማይጨው ዘማች፣ 1928» ብላችሁ ጻፉ፤ ያረፉበትንም ዓመት ጨምሩበት።