«ያገለገለ ካሜራ ሌንስ» ወይስ «ያገለገለ የካሜራ ሌንስ»?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ ፎቶ ቤት አለኝ። መንዝ ጓሳ እየወጣሁ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሳነሣበት የቆየሁትን ሌንስ ልሸጠው ፈልጌ በፎቶ ቤቴ መስኮት ላይ «ያገለገለ ካሜራ ሌንስ፤ በእጅ የሚሠራ፤ ዙም፤ የሚለዋወጥ፤ ከአዳፕተር ጋር» የሚል ማስታወቂያ ለጠፍሁ። የሚመጣው ሰው ግን አንዱ «ካሜራውን አሳየኝ» ይላል፤ አንዱ «እጅ ሥራ ነው ወይ?» ይላል፤ ሌላው «በስልክ ትለውጠኛለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሌንሱ 300 ሚሊ ሜትር ታምሮን ነው፤ ፎከሱ (የምስሉ ማጥሪያ) በእጅ ነው፤ ከካሜራው ጋር የሚገጥምበት ቀለበት እየተፈታ ለኒኮንም ለፔንታክስም ይሆናል። ማስታወቂያው ምን ላይ ተበላሸ?

መልስ፦ ጠያቂዎችዎ ያነበቡት የጻፉትን ነው። ቃላቱ አንድ በአንድ ሲታዩ ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ናቸው፤ ችግሩ እያንዳንዱ ገላጭ የትኛውን ስም እንደሚገልጽ ለአንባቢው አለመለየቱ ነው። በአማርኛ ገላጩ ከስሙ ስለሚቀድም አንባቢው ስሙ ላይ እስኪደርስ ድረስ ገላጮቹን በአእምሮው ተሸክሞ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ሁለት ስም ካገኘ ደግሞ ሸክሙን ለቀረበው ያራግፋል።

ካሜራውን አሳየኝ ያለው ሰው የተሳሳተ አይመስለኝም። «ያገለገለ» የሚለውን ለጊዜው አንሥተን «አዲስ»ን እንተካበት። «አዲስ የካሜራ ሌንስ» ስንል አዲሱ ሌንሱ ነው፤ «የአዲስ ካሜራ ሌንስ» ስንል ግን አዲሱ ካሜራው ነው። አገናዛቢው «የ» ከቅጽሉ በፊት ሲውል ቅጽሉን ከካሜራው ጋር አስሮ ያስቀረዋል፤ ከቅጽሉ በኋላ ሲውል ደግሞ ቅጽሉ ካሜራውን ተሻግሮ ሌንሱን ይገልጻል። «ያገለገለ» ግን ራሱ «የ» እና «አገለገለ» ተዋሕደው የተገኘ ቃል ነው፤ አማርኛም ሁለት «የ» ጎን ለጎን ሲቆሙ ስለማይወድ አንዱን ይውጠዋል። «የመጣው ሰው ቤት» እንላለን እንጂ «የየመጣው ሰው ቤት» አንልም፤ ቤቱ የዚያ ሰው መሆኑን የሚነግረን «የ» በ«የመጣው» ውስጥ ተውጧል። በዚሁ ሥርዐት «ያገለገለ ካሜራ ሌንስ» የሚለውን ጠንቅቆ የሚያነብ ሰው የሚረዳው «አገልግሎት የሰጠ ካሜራ፣ የእርሱ ሌንስ» ብሎ ነው። «ያገለገለ የካሜራ ሌንስ» ቢሉ ኖሮ አንዲቷ ፊደል ነገሩን ትለይልዎ ነበር።

«ታዲያ ‹ያረጀ ትምህርት ቤት› ሲባል ትምህርቱ አረጀ ብሎ የሚረዳ አለ ወይ?» ብሎ የሚሟገተኝ አንባቢ ሊኖር ይችላል። የለም፤ ምክንያቱም «ትምህርት ቤት»፣ እንዲሁም የእርስዎ «ፎቶ ቤት»፣ ሁለት ቃል ሆነው ቢጻፉም እንደ አንድ ስም የሚቆጠሩ ጥምር ስሞች ናቸው፤ ማንም በመካከላቸው «የ» አያስገባም፣ ገላጭም አይሰነቅርባቸውም። «ካሜራ ሌንስ» ገና እዚያ ደረጃ አልደረሰም። ሻጮች ደጋግመው ከጻፉት አንድ ቀን ይደርስ ይሆናል፤ እስከዚያው ግን ካሜራ ለብቻው፣ ሌንስም ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ ነውና አንባቢው ሁለቱን ለያይቶ ቢያይ አይፈረድበትም።

«ያገለገለ» በሚለው ቃል በራሱ ላይ እርማት የለኝም። «አሮጌ» ዕድሜውን እንጂ በሰው እጅ መቆየቱን አይናገርም፤ «ውራጅ» እና «ሰልባጅ» ደግሞ ይበልጡን ለልብስ የሚነገሩ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ሰፊ ማብራሪያ የሚፈልገው «በእጅ የሚሠራ» የሚለው ነው። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውን ፊደል ከሚላላው ስለማይለይ ይህ ሐረግ በወረቀት ላይ አንድ፣ በአፍ ግን ሁለት ነው። «ሠ» ላልታ ስትነበብ ግሡ አድራጊ ይሆናል፤ «ይህ ሬዲዮ ይሠራል» እንደምንለው ሌንሱ በእጅ እየተነካ አገልግሎት ይሰጣል ማለት ነው። «ሠ» ጠብቃ ስትነበብ ግን ግሡ ተደራጊ ይሆንና «ይህ ምንጣፍ በእጅ ይሠራል» እንደምንለው ዕቃውን የሠራው የሰው እጅ ነው ማለት ይሆናል። የመንዝ ዝተትና በርኖስ በእጅ ሲሠራ እያየ ያደገ ሰው «በእጅ የሚሠራ» የሚል ጽሑፍ ሲያገኝ «ሠ»ን ማጥበቁ የሚጠበቅ ነው። መፍትሔው ጠብቆም ላልቶም የማይምታታ ግሥ መምረጥ ነው፦ «የሚስተካከል» ተደራጊነቱ በፊደሉ ስለሚታይና አድራጊው «የሚያስተካክል» ስለሚሆን አንባቢው የሚወላውልበት ነገር የለም። ምን እንደሚስተካከልም መጠቀስ አለበት፤ «ፎከሱ በእጅ የሚስተካከል» ይበሉ። «ፎከስ» በፎቶ አንሺዎች ዘንድ የተለመደ ቃል ነው፤ «ትኩረት» ብለው ቢተኩት ሐረጉ ስለ ልብ ትኩረት የሚናገር ይመስላል። «ማንዋል» ማለትም ይቻላል፤ መኪና የሚነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «ማንዋል» የመመሪያ መጽሐፍ ስለሆነ «ማንዋል ያለው ሌንስ» ብለው እንዳይጽፉ፤ ገዢው መጽሐፉን ይጠይቅዎታል።

«ዙም» የሚለውን ግን ያውጡት፤ ይህ የሰዋስው ሳይሆን የእውነት ጉዳይ ነው። ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ሌንስ ሁሉ በልማድ «ዙም» ይባላል፤ ዙም የሚባለው ግን ለምሳሌ ከ70 እስከ 210 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀቱ (ሩቁን የሚያቀርብበት መጠን) የሚለወጥ ሌንስ ነው። የእርስዎ በ300 የቆመ ስለሆነ ቀይ ቀበሮው ቢቀርብዎ ወደ ኋላ የሚያፈገፍጉት እርስዎ ነዎት። «ቴሌፎቶ» ወይም «የሩቅ ማንሻ» ቢሉት ይስማማዋል። «ቴሌ» ብለው ብቻ አያሳጥሩት፤ ቴሌ በእኛ አገር የስልክ ድርጅቱ ነው፣ «የቴሌ ሌንስ» ያነበበ ሰውም ሌላ ነገር ያስባል።

«የሚለዋወጥ» ሦስት ጊዜ ጎድቶዎታል። መጀመሪያ ነገር ቃሉ በራሱ የሚቀያየርን፣ የማይረጋን ነገር ያስታውሳል፤ «ጠባዩ የሚለዋወጥ ሰው»፣ «የሚለዋወጥ የአየር ጠባይ» እንላለን። ከገበያ አንጻር ደግሞ ዕቃ በዕቃ መለወጥን ስለሚያሳስብ በስልክ ልለውጥ ያለዎት ሰው ከዚህ ተነሥቷል። የባሰው ግን ገላጩ የተሰጠው ለሌንሱ መሆኑ ነው። ከካሜራው እየተፈታ በሌላ የሚተካ ሌንስ ብርቅ አይደለም፤ የእርስዎን ሌንስ ልዩ የሚያደርገው የራሱ መግጠሚያ መፈታቱ ነው። የሌንሱ አምራች ታምሮን፣ «አዳፕቶል» የተባለውን ይህን አሠራር በ1973፣ ሁለተኛውን ትውልድ ደግሞ በ1979 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለገበያ አቅርቧል። ቀለበቱ ሌንሱን ከካሜራው ጋር ከማያያዙም በላይ የብርሃን መግቢያውን እንቅስቃሴ ለካሜራው ያስተላልፋል፤ ውፍረቱም እንደ ካሜራው ይለያያል፤ ምክንያቱም ከመግጠሚያው ፊት እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት በኒኮን 46.5፣ በፔንታክስ 45.46 ሚሊ ሜትር ነው። ሌንሱ ከሚገባው በላይ ከፊልሙ ከራቀ ሩቅ ያለው ነገር አይጠራም፤ በጓሳ ሜዳ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ስለዚህ ገላጩን ለባለቤቱ ይስጡት፦ «መግጠሚያው የሚቀየር ሌንስ»። «መግጠሚያው» በሚለው ላይ ያለችው «ው» የሚቀየረው የትኛው እንደ ሆነ ስለምትናገር ሐረጉ ለክርክር አይዳረግም። «መለዋወጫ ያለው» ማለትም አያስፈልግም፤ መለዋወጫ ሲባል የተሰበረውን የሚተካ ዕቃ ነው፣ ገዢውም ሌንሱ የተበላሸ ይመስለዋል።

«አዳፕተር» የሚለው ቃል ሥራው በዝቶበታል፤ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የላፕቶፕ ኃይል ማስተላለፊያውን ነው። «የመግጠሚያ ቀለበት» ቢሉ ዕቃውን ያላየም ሰው ቅርጹን ይገምታል።

እንግዲህ ማስታወቂያው እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «የሚሸጥ፦ ያገለገለ 300 ሚሊ ሜትር ታምሮን የካሜራ ሌንስ (ቴሌፎቶ)። ፎከሱ በእጅ የሚስተካከል፣ መግጠሚያው የሚቀየር። የኒኮንና የፔንታክስ መግጠሚያ ቀለበቶች አብረው ይሸጣሉ። ካሜራ የለውም።» «አብረው ይሸጣሉ» የሚለው ቀለበቶቹ በዋጋው ውስጥ መሆናቸውን በእርግጠኝነት አይናገርም፤ ለብቻ የሚያስከፍሉባቸው ካልሆነ «ዋጋው የቀለበቶቹን ይጨምራል» ብለው ይተኩት።