«ደህና ነኝ» ማለቴ ይጎዳኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ዓመት ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለሁ አንድ መኪና ከኋላ መጥቶ ገጨኝ። ሹፌሩ ወርዶ ሲጠይቀኝ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት፤ በማግስቱ ግን አንገቴን ማዞር አቃተኝ፣ ለወራትም ታከምኩ። አሁን ጠበቃዬ «ዲፖዚሽን አለብሽ» ብሎኛል። እንግሊዝኛዬ ለሥራዬ ይበቃኛል፤ በጠበቆች ፊት ግን እንዳልሳሳት እሰጋለሁ። ከአደጋው ሦስት ዓመት በፊት ወገቤን ታምሜ ነበር፤ ይህንንስ መናገር አለብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ አስቀድሜ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈዎት እላለሁ። ዲፖዚሽን ማለት ዳኛ በሌለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ በጠበቃ ቢሮ ውስጥ ወይም በቪዲዮ፣ በመሐላ የሚሰጥ ቃል ነው። የሚጠይቅዎት በአብዛኛው ኢንሹራንሱ የመደበው የተከሳሹ ጠበቃ ሲሆን፣ የሚባለውን ሁሉ ቃል በቃል የሚመዘግብ ጸሐፊም አብሮ ይቀመጣል። በአገር ቤት ምስክር ሲሰማ የምናውቀው በችሎት ፊት ስለሆነ፣ ብዙ ወገኖቻችን ይህን የቢሮ ጭውውት አድርገው ያዩታል። መሐላው ግን በችሎት ከሚፈጸመው አያንስም፤ የተናገሩትም በኋላ በችሎት ሊነበብብዎት ይችላል።

«ደህና ነኝ» ስለማለትዎ መጠየቅዎ አይቀርም። ብለዋልና «አላልኩም» አይበሉ። በዚያች ደቂቃ ምን እንደተሰማዎት፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረዎት፣ መቼ ሐኪም ዘንድ እንደሄዱ በቅደም ተከተል ይናገሩ። በእኛ ዘንድ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው እንኳ እንዴት ነህ ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» እንደሚል ጠበቃዎ ላያውቅ ስለሚችል፣ ከቀኑ በፊት ይህን ያስረዱት።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይሉኝታችን ነው። በሜሪላንድ ሕግ፣ የተጎዳው ሰው ራሱ ለአደጋው ጥቂት እንኳ የጥፋት ድርሻ ካለው ካሳውን በሙሉ ሊያጣ ይችላል፤ የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ይህን ደንብ በ2013 አጽንቶታል። ስለዚህ ሰው ላለማስቀየም ብለው «ምናልባት እኔም ፍሬን በድንገት ይዤ ይሆናል» ቢሉ፣ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የወራት ሕክምናዎን ዋጋ ልታስቀር ትችላለች። ያደረጉት ከሆነ በግልጽ ይናገሩ፤ ካላደረጉት ግን አይገምቱ። የማያውቁትን «አላውቅም»፣ የረሱትን «አላስታውስም» ማለት ሙሉ መልስ ነው። የተጠየቁትን ብቻ መልሰው ዝም ይበሉ፤ ጠያቂው ዝም ብሎ ቢያይዎት ዝምታውን ለመሙላት አይቸኩሉ።

እንግሊዝኛዎ ለሥራ ቢበቃም አስተርጓሚ እንዲመደብልዎ ጠበቃዎን አሁኑኑ እንዲጠይቁ አጥብቄ እመክራለሁ። «መኪናውን አላየሽውም፣ አይደል?» ሲባል ያላየ አማርኛ ተናጋሪ «አዎ» ይላል፣ አላየሁትም ማለቱ ነው፤ በእንግሊዝኛው መዝገብ ግን ያ «አዎ» አይቼዋለሁ ተብሎ ሊነበብ ይችላል። በሙሉ ዓረፍተ ነገር «አላየሁትም» ይበሉ። አንዲት ደንበኛዬ እንደ ልማዳችን ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ «እ» ስትል፣ ጸሐፊዋ እጇን ከመጻፊያው አንስታ «ምነው፣ አመመሽ?» ብላ ጠይቃታለች። እኛ አዎ ብለን የምንሰማው ያ ድምፅ በጽሑፍ አይሰፍርም፤ ራስ መነቅነቅም እንዲሁ። ሰዓትም ሲናገሩ ይጠንቀቁ፤ አደጋው የደረሰው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሆነ እዚህ ስምንት ነው።

የወገብዎን ሕመም ከተጠየቁ ይናገሩ። የሕክምና መዝገብዎ በተከሳሹ ጠበቃ እጅ ሊገባ ይችላልና፣ ቢደብቁት ስለ አንገትዎ የሚናገሩት እውነት ሁሉ ይጠረጠራል። ቀድሞ የነበረ ሕመም ካሳ አይከለክልም፤ አደጋው ያንኑ ሕመም ያባባሰ እንደሆነም ለተባባሰው ልክ ካሳ ይጠየቃል። ይህን ለጠበቃዎ ዛሬውኑ ይንገሩት፤ ከእሱ ጋር ስለ ጉዳዩ በምስጢር የተነጋገራችሁትን ሌላው ወገን እንዲገልጹ ሊያስገድድዎት አይችልም። በዕለቱ ጠበቃዎ «እቃወማለሁ» ሲል ንግግርዎን ያቁሙና ይስሙት፤ አትመልሺ ካላለዎት በቀር ከዚያ በኋላ ይመልሳሉ።

ቃልዎ ተጽፎ ሲላክልዎ የማረም መብትዎን ካልተውት በቀር፣ የሜሪላንድ ደንብ ስህተት ለማረም 30 ቀን ይሰጥዎታል። የመጀመሪያው ቃልዎ ግን አይፋቅም፤ እርማቱ ከምክንያቱ ጋር አብሮት ይቀመጣል። ግልባጩን አማርኛም እንግሊዝኛም ከሚያነብ ሰው ጋር፣ በተለይ «አዎ» ያሉባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ እያዩ ያንብቡት።